ቋንቋ ያልተሰነቀላቸው መንገደኞች

ከዐባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች በላይ በሚገኘው በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ፥ ማለት በቦረና፥ በሳይንት፥ በወግዲ፥ በከላላና በለጋምቦ አገር፥ መንገደኛ ያለ ስንቅ አይሸኝም። ለቅርብ መንገድ ዳቦ፥ ለሩቅ መንገድ በሶና ቆሎ ይዘጋጅለታል፤ በላዩም የሽማግሌ ምርቃት ይጨመርለታል። ሰውን ባዶ እጁን ማሰናበት ለቤተ ሰቡ ነውር ነው። ይህ የከበረ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ነገር ግን ከመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች ተነሥተው፥ ደሴንና አዲስ አበባን አልፈው ለቤት ሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሚሄዱት ወጣት ሴቶች ልጆቻችን ከስንቅ ሁሉ የሚበልጠው ስንቅ ተጓድሎባቸው ይሄዳሉ። ይኸውም የሚሄዱበት አገር ቋንቋ ነው።

ለጕዞው ላም ይሸጣል፤ ከዘመድ ገንዘብ ይበደራል፤ ፓስፖርት ይወጣል፤ የሐኪም ምርመራ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን «ልጂቱ እዚያ ስትደርስ በምን አንደበት ትናገራለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ስለዚሁ ስለተረሳው ጥያቄ ነው። ለነዚህ መንገደኞች ቋንቋ ስንቅም፥ ጋሻም፥ ምስክርም ስለ ሆነ፥ ከመሄዳቸው በፊት በተወለዱበት ወረዳ፥ በቂ ጊዜ ተሰጥቷቸው ሊማሩት ይገባል እንላለን። ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸውና ለያንዳንዳቸው በተራ መልስ እንሰጣለን።

የመጀመሪያዎቹ «ቋንቋ በኑሮ ይለመዳል፤ ከሄደች በኋላ በሦስት ወር ውስጥ እንደ አገሩ ተወላጅ ትናገራለች» የሚሉት ናቸው። ደላላው እንዲህ ይላል፤ አባትም ሰምቶ ይጽናናል፤ ልጂቱም ታምናለች። ነገሩ የሚያሳምነው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። የወሎ ነጋዴ ባቲ ገበያ ወርዶ አፋርኛና ኦሮምኛ የሚለምደው ሰዋስው አጥንቶ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የነጋዴውን ሁኔታ ልብ ብለን እንመልከት። ነጋዴው የሚውለው በሕዝብ መካከል ነው፤ ያልገባውን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ የሚያስተረጕምለት ወዳጅ አያጣም፤ ዋጋው ያልተስማማው እንደ ሆነም ዕቃውን ጭኖ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንግዲህ ቋንቋን በኑሮ ለመልመድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነርሱም የሚያነጋግር ሰው፥ ስሕተትን የሚታገሥ ጊዜና ካልሆነም ትቶ የመሄድ ነጻነት ናቸው። በሰው ቤት ተቀጥራ፥ በር ተዘግቶባት የምትውል ልጅ ከሦስቱ አንዱም ላይኖራት ይችላል።

በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የውጭ አገር ሠራተኛ የሚገባው ከፋላ በሚባለው ሥርዓት መሆኑን ማወቅ ይገባል። በዚህ ሥርዓት አሠሪው ለሠራተኛዋ እንደ ዋስ ይቈጠራል፤ ኢቃማ የተባለው የመኖሪያ ፈቃዷም ከርሱ ስም ጋር የተያያዘ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ሠራተኛዋ ከቤት ወጥታ አሠሪው «ጠፍታብኛለች» ብሎ ያመለከተ እንደ ሆነ፥ ሁሩብ በሚባለው መዝገብ ትገባና ሕገ ወጥ ተብላ ትፈለጋለች። በዚያን ጊዜ ክርክሩ በሁለት ሰዎች መካከል ይሆናል። አንዱ በአገሩ ቋንቋ አሳምሮ ይናገራል፤ ሁለተኛዋ ታለቅሳለች። ፖሊሱ የሚጽፈው የየትኛቸውን ቃል ነው? ባለፉት ዓመታት አንዳንዶቹ መንግሥታት ሥርዓቱን ለማሻሻል ልዩ ልዩ ደንቦችን ማውጣታቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ደንብ የሚጠቅመው ለሚያነበው ወይም ሲነበብለት ለሚሰማው ሰው ብቻ ነው።

ደግሞስ ችግሩ የሚጀምረው ከፖሊስ ጣቢያ ነውን? አይደለም፤ የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ልጂቱን «ጂቢ ሞያ» ትላታለች። ይህ በዚያ አገር የዕለት ንግግር «ውሃ አምጪ» ማለት ነው። የቦረና ልጅ ግን ይህን ስትሰማ ከጅብና ከሙያ በቀር ወደ አሳቧ የሚመጣ ነገር የለም። አንባቢ ይሥቅ ይሆናል፤ እመቤቲቱ ግን ሦስት ጊዜ ተናግራ ውሃው ሳይመጣ ሲቀር አትሥቅም። ያልገባትን ልጅ እምቢተኛ፥ ግራ የገባትን ልጅ ሰነፍ አድርጋ ትቈጥራታለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቍጣ፥ ስድብ፥ አንዳንድ ጊዜም ዱላ፥ መነሻው ክፋት ብቻ ሳይሆን ያልተሰማ ቃል ነው። ክፉ አሠሪን ቋንቋ ደግ አያደርገውም፤ ደግ ሊሆን የሚችለውን አሠሪ ግን ቋንቋ ማጣት ክፉ ሊያደርገው ይችላል።

ከንግግር ወደ ጽሕፈት ብንሻገር ነገሩ ይብስ እንደ ሆነ እንጂ አይሻልም። በዓረብኛ የሚጻፈው አምስት ክብ ስለ ሆነ በትምህርት ቤት የለመድነውን ዜሮ ይመስላል። የዓረብኛው ዜሮ ግን ነጥብ ብቻ ነው፤ የዓረብኛው ስድስትም እኛ የምናውቀውን ሰባት ይመስላል። ይህን የማታውቅ ልጅ በውሏ ላይ የተጻፈውን ደመወዝ፥ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ልክና በበሩ ላይ የተጻፈውን የቤት ቍጥር አሳስታ ታነባለች። አደጋ ደርሶባት ስልክ ብትደውልና «ያለሽበት ቤት ቍጥሩ ስንት ነው?» ተብላ ብትጠየቅ ልትናገር አትችልም። እነዚህን ዐሥር አኀዞች ለመማር ግን ከአንድ ቀን የበለጠ አያስፈልግም። በአንድ ቀን የሚማሩትን ነገር ሳያስተምሩ ሰውን ወደ ሌላ አገር መስደድ ከድኽነት የመጣ አይደለም፤ ከቸልተኝነት የመጣ ነው።

በረኪናን ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። ማስጠንቀቂያውም በየጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን ልጂቱ በማታነበው ፊደል ነው። ሆዷን የሚቈርጣት እንደ ሆነ ሕመሙ ከእምብርት በላይ ይሁን በታች፥ ትናንት ይጀምር ዛሬ፥ ለሐኪሙ የምትነግርበት ቃል የላትም። ሐኪም በአገራችን ቋንቋ ተናግረንለት እንኳ ሕመማችንን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል፤ ከዲዳ በሽተኛ ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

«ከሄዱ በኋላ ይለመዳል» የሚሉት ወገኖች ታሪክን ለምስክርነት ቢጠሩ ታሪክም አይመሰክርላቸውም። ከዚሁ ከወሎ ደጋ ወጥቶ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር የተጓዘ አንድ ስመ ጥር ሰው አለን። እርሱም አባ ጎርጎርዮስ ነው። የትውልድ ቦታው መካነ ሥላሴ ይባላል፤ ስሟ ከመካነ ሰላም ጋር ቢቀራረብም ሌላ ቦታ ናት፤ የምትገኘውም ጥንት ቤተ አማራ በሚባለው፥ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከአገሩ ተሰዶ በሮም ከተማ በኢትዮጵያውያን ቤት፥ በቅዱስ እስጢፋኖስ፥ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 የኤርፉርቱ ተወላጅ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በዚያ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1652 ደግሞ የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርነስት ስለ ጋበዘው፥ የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ጀርመንኛ ሳያውቅ ወደ ጀርመን አገር ሄደ። በጎታም በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ከሉዶልፍ ጋር ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፥ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ ሲነጋገር ሰነበተ።

ይህ ሰው በባዕድ አገር እንደ ዲዳ ሆኖ ያልቀረው ለምን ነበር? መልሱ ግልጽ ነው። በእርሱና በአስተናጋጁ መካከል አስቀድሞ የተሠራ ድልድይ ነበረ፤ ይኸውም ግዕዝ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግዕዝን በአገሩ ተምሮ ሄዷል፤ ሉዶልፍም በዚያ ዘመን በአውሮፓ ከሚገኙት ጥቂት መጻሕፍት ግዕዝን አጥንቶ ጠብቆታል። ለሁለቱም ግዕዝ የመጽሐፍ እንጂ የዕለት ንግግር ቋንቋ ስላልነበረ፥ መጀመሪያ ሲነጋገሩ ተቸግረው ነበር፤ ነገር ግን መሠረቱ ተጥሎ ስለ ነበር ልምምዱ ቶሎ አደገ። መስፍኑም ሊያነጋግረው ሲፈልግ ሉዶልፍ ያስተረጕምለት ነበር። ከዚህ ወዳጅነት የተገኘው ፍሬ እስከ ዛሬ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1681 የወጣው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ፥ በ1698 የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ከአባ ጎርጎርዮስ አንደበት ብዙ የቀዱ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ራሱ ግን ይህን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው በኵራት ለመርካት አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ የመስፍን ጥሪ ነበረው፤ ክብር ነበረው፤ የእርሱን ቋንቋ አጥንቶ የሚጠብቀው አስተናጋጅ ነበረው። ከወግዲ ወይም ከከላላ ወጥታ ሪያድ የምትገባው ልጅ ከነዚህ አንዱም የላትም። አሠሪዋ አማርኛ አጥንቶ አይጠብቃትም። ስለዚህ ድልድዩ ከአንድ ወገን ብቻ ሊሠራ ነው፤ እርሱም ከእኛ ወገን ነው። ሊቁ ሰው እንኳ አስቀድሞ በተማረው ቋንቋ ከታገዘ፥ ይህች ልጅ ያለ ምንም መሠረት «በኑሮ ትለምዳለች» ማለት እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ከዚህም በላይ ቋንቋ የምታስፈልጋት በሦስተኛው ዓመት ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ብዙ ጊዜ ጠቡም፥ አደጋውም፥ የደመወዝ ክርክሩም የሚነሣው ገና ምንም ሳትለምድ ነውና።

ሁለተኛዎቹ ተቃዋሚዎች «ዓረብኛ ማስተማር ስደትን ማበረታታት ነው፤ ልጆቻችንን በአገራቸው ሠርተው እንዲኖሩ ማድረግ ይሻላል» የሚሉት ናቸው። ይህ ከመጀመሪያው የከበረ ተቃውሞ ነው፤ የሚናገሩትም አገር ወዳዶች ናቸው። በአገር ሠርቶ መኖር እንደሚሻል ከእኛ ጋር ክርክር የላቸውም። ነገር ግን አለማስተማር ስደትን ያስቀራልን? ይህ ጥያቄ በተግባር ተፈትኗል። በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን ጕዞ ከለከለ። በዚያው ዓመት ከኅዳር ወር ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መለሰች። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ጸንቶ ቈየ። በነዚያ ዓመታት ግን መንገደኛው አልቀረም፤ መንገዱ ብቻ ከፋ። በአውሮፕላን ይሄድ የነበረው በባቲ በኩል ወርዶ፥ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፥ ከጅቡቲዋ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሻገር ጀመር። በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት ወር እንደገና ከ100 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ከሳዑዲ ዓረቢያ ለመመለስ ስምምነት መደረጉ መንገዱ እንዳልተዘጋ ያስረዳል።

ሰው አገሩን የሚለቀው ቋንቋ ስለ ተማረ አይደለም። የመሬት ጥበት፥ የበልግ ዝናም መቅረት፥ ተምሮ ሥራ ማጣት፥ ከሄዱት ጎረቤቶች የመጣ ቆርቆሮ ቤት፥ እነዚህ ናቸው የሚያስነሡት። በሽሎ ዳር ለሚኖር ልጅ ዋና የሚያስተምረውን ሰው «ልጆችን ወደ ጐርፍ ትጨምራለህ» ብሎ የሚከሰው ማነው? ጐርፉ ከመምህሩ በፊት ነበረ። እንዲያውም ነገሩን አጥብቆ ላሰበው ቋንቋ ለመሄድ ብቻ ሳይሆን ለመቅረትም ይጠቅማል። ውሏን ራሷ አንብባ የሥራው ሰዓት ከሌሊት እስከ ሌሊት መሆኑን የተረዳች ልጅ፥ ሳትፈርም ወደ መንደሯ ልትመለስ ትችላለች። ያላነበበች ግን ትፈርማለች። እንግዲህ ስደት እንዲቀንስ የሚፈልግ ሰው ቋንቋን መፍራት አይገባውም።

ሦስተኛዎቹ ተቃዋሚዎች በአደባባይ አይናገሩም፤ በጆሮ ነው የሚናገሩት። «እሺ በይ፤ አንገትሽን ድፊ፤ ዝም አይነቅዝም» ብለው ይመክራሉ። ለታዛዥ ሠራተኛ ቋንቋ ትርፍ ነገር ነው ማለታቸው ነው። እኛም ከዚያው ከአባቶቻችን ተረት መልስ አናጣም፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ተብሏልና። ዝምታ ነውር የማይሆነው መናገር የሚችል ሰው ዝም ሲል ነው። መናገር የማይችል ሰው ዝምታ ትዕግሥት አይባልም፤ ልጓም ነው። ያላገኘችውን ደመወዝ «ተቀብያለሁ» ብላ ጣቷን የምታትም፥ ስትታመም «ደኅና ነኝ» የምትል፥ ሰው ሲደፍራት የምትከስበት ቃል የሌላት ልጅ በዝምታዋ ምን ተጠቀመች? ይህን ምክር ከሚሰጡት መካከል ከልብ የሚያዝኑ እናቶች አሉ፤ እነርሱን አንወቅስም። ሆን ብለው የሚሰጡት ግን ቋንቋ የማታውቅ ሠራተኛ ለደላላ ጥያቄ የማታነሣ ዕቃ መሆኗን የተረዱ ሰዎች ናቸው። የእነርሱ ትርፍ የሚበቅለው ከልጂቱ አለማወቅ ነው።

ተቃውሞውን ከመለስን ዘንድ፥ «ታዲያ ማን ያስተምር? በምን ገንዘብ?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልስ መስጠት ይገባናል። መምህራኑ በቅርብ አሉ። ወሎ ከጥንት ጀምሮ የእስልምና ትምህርት ማእከል ስለ ሆነ፥ ደረሶች ከሩቅ አገር ስንቃቸውን ይዘው እየመጡ በታላላቅ ሸኾች ፊት ነሕውና ሰርፍ፥ ማለት የዓረብኛን ሰዋስው፥ ሲማሩ ኖረዋል። በዓረብ ፊደል የአማርኛ መንዙማ የተጻፈው በዚሁ አገር ነው። ዓረብኛ በዚህ ደጋ ባዕድ አይደለም። ነገር ግን በአንዱ ኰረብታ ላይ ሸኹ የዓረብኛ ሰዋስው ሲያስተምሩ፥ በሥሩ ካለው መንደር የምትወጣው ልጅ «አሞኛል» የሚለውን ቃል ሳታውቅ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች። እንዲህ ያለውን መለያየት ያመጣው ድኽነት ነው ልንል አንችልም፤ ያለንን ነገር አለማየታችን ነው።

እርግጥ ነው፥ የኪታብ ዓረብኛና የወጥ ቤት ዓረብኛ አንድ አይደሉም። በሉዶልፍና በአባ ጎርጎርዮስ መካከል የነበረው ችግር እዚህም አለ፤ በመጽሐፍ የተማሩት ቋንቋ በንግግር ጊዜ ይደናቀፋል። ስለዚህ ሁለተኛ መምህር ያስፈልጋል። እርሷም በየመንደሩ አለች፤ ከዓረብ አገር የተመለሰችው እኅታችን ናት። በሪያድና በጅዳ ወጥ ቤት ዓመታት ያሳለፈች ሴት የዕለቱን ንግግር፥ የእመቤቶቹን ጠባይ፥ የዕቃውን ስም፥ የአደጋውን ምልክት ታውቃለች። በብዙ ሥቃይ የገዛችው ዕውቀት ዛሬ የሚጠይቃት አጥቶ በቤቷ ተቀምጧል። ሸኹ ፊደሉንና ሰዋስውን፥ ተመላሿ ንግግሩን ቢያስተምሩ፥ ለሁለቱም የሚገባቸው ደመወዝ ቢከፈላቸው፥ ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል። ተመላሿም በአገሯ ሥራና ክብር ታገኛለች።

የሚያስፈልገውም ቦታ አለ። በወረዳዎቹ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። የትምህርቱ ዝርዝር ረጅም መሆን የለበትም። በመጀመሪያ ፊደልና አኀዝ፤ ቀጥሎ የቤትና የወጥ ቤት ቃላት፤ ሦስተኛ የሕመምና የአደጋ ቃላት፤ አራተኛ ውል፥ ደመወዝና የዕረፍት ጊዜ የሚነገሩባቸው ቃላት፤ አምስተኛና ዋነኛው ደግሞ የመጠየቅና የእምቢታ ቃላት ናቸው። «ማ ፈሂምት» ማለት አልገባኝም፥ «ራቲብ» ማለት ደመወዝ፥ «ሙስተሽፋ» ማለት ሐኪም ቤት፥ «ሲፋራ» ማለት ኤምባሲ መሆኑን ያወቀች ልጅ አራት በሮች ተከፍተውላታል። አማርኛና ዓረብኛ የአንድ ወገን ቋንቋዎች በመሆናቸውም ለተማሪዋ የሚያግዝ ነገር አለ። ቤት በዓረብኛ በይት፥ ራስ ረእስ፥ ዓይን ዐይን፥ ስም ኢስም፥ ሞትም መውት ነው። ከዜሮ የምትጀምር አይደለችም፤ የጎደለው የሚያሳያት ሰው ነው።

ክርስቲያን የሆነች ልጅም ብትሆን ይህን ለመማር የምትፈራበት ምክንያት የለም። ቋንቋ መሣሪያ ነው፤ ሃይማኖት አያስለውጥም። በወሎ አንድ ቤተ ሰብ በሁለት ሃይማኖት ተከፍሎ በአንድ ማእድ ሲበላ ስለ ኖረ፥ ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም።

ስለ ጊዜው የተጠየቅን እንደ ሆነ፥ ስድስት ወር፥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንላለን። ይህም የማይቻል አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፥ ቀን ሲያርሱ የሚውሉ ገበሬዎችና ሴቶች ማታ በፋኖስ ብርሃን ፊደል መቍጠራቸውን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ያን ጊዜ ለሚሊዮኖች የተቻለው፥ ዛሬ ለመንገድ ለተዘጋጁት ልጆች ብቻ አይቻልም የሚል ካለ ምክንያቱን ያስረዳን።

በሕግም በኩል መሠረቱ ተጥሏል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 ስለ ሙያ ብቃት ማረጋገጫና ከጕዞ በፊት ስለሚሰጥ ገለጻ ይናገራል፤ በ2013 ዓ.ም.ም በአዋጅ ቍጥር 1246 ተሻሽሏል። ገለጻ ግን ቋንቋ አይደለም፤ በሥልጠና ጊዜ የሚሰጡ ጥቂት ቃላትም ቋንቋ አይባሉም። ምንጣፍ ማጽዳትንና የልብስ መተኰሻ አያያዝን የተማረች፥ ነገር ግን «መተኰሻውን አጥፊው» ስትባል የማትሰማ ልጅ፥ ሙያዋ በእጇ ላይ ሳለ ቤት ልታቃጥል ትችላለች። ቋንቋ ከሙያው ተለይቶ የሚታይ ተጨማሪ ትምህርት ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የሙያው ግማሽ ነውና የብቃቱ ማረጋገጫ ሲሰጥ አብሮ ሊፈተን ይገባል።

ስለዚህ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና በየደረጃው ላሉት ሹማምንት የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ ማንኛዋም ልጅ የቋንቋ ፈተና ሳታልፍ ለጕዞ አትፈቀድ፤ ፈተናውም በወረቀት ብቻ ሳይሆን በቃል ይሁን፤ የትምህርቱን ወጪ ከጕዞው የሚያተርፉት ኤጀንሲዎች ይሸፍኑ እንጂ በልጂቱ ዕዳ ላይ አይደረብ። ለአንድ መምህር የሚከፈለውን ደመወዝ ብዙ ነው የሚል ሰው፥ አስከሬን ለማምጣት፥ የታመመን ለማስታመም፥ የታሰረን ለማስፈታት የሚወጣውን ወጪ በአንድ ላይ ደምሮ ይመልከት።

ለመምህራንም አሳብ አለን። በመካነ ሰላም፥ በአቀስታ፥ በወግዲና በከላላ ትምህርት ቤቶች በምታስተምሩት ክፍሎች ውስጥ በሚመጣው ዓመት ወንበራቸውን ባዶ ትተው የሚሄዱ ልጆች ተቀምጠዋል። ማንነታቸውን ብዙ ጊዜ እናንተ ከወላጆቻቸው ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። እንዳይሄዱ ምከሩ፤ ምክራችሁን ያልሰሙትን ግን ቢያንስ ዐሥሩን አኀዝና ኻያ ዓረፍተ ነገር ሳታስይዙ አትልቀቁ። ተማሪዎች ሆይ፥ እናንተም የክረምቱን ዕረፍት ከተመላሽ እኅቶቻችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ የሚያውቁትን ቃል በደብተር ጻፉ። አባ ጎርጎርዮስ ከአንድ ወዳጁ ጋር ሆኖ የአማርኛን መዝገበ ቃላት መሠረት ከጣለ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተባብረው ለቤት ሠራተኞች የሚሆን አንድ ትንሽ የዓረብኛና የአማርኛ መጽሐፍ ማዘጋጀት አይሳናቸውም። ሥራው በዚህ ክረምት ይጀመር፤ መጽሐፉም በእጅ ተጽፎ እንኳ ቢሆን ከሚቀጥለው መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ይግባ።